ከጠገራ ብር እስከ ካራት፦ የአዲስ አበባ አንጥረኞችና ደንበኞቻቸው

አንጥረኛ ወርቅንና ብርን በእሳት አቅልጦ፣ ከቆሻሻው ለይቶ፣ ጌጥ አድርጎ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ስሙ የተገኘው «አነጠረ» ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ ቅቤ ሲነጠርም የሚነገረው ይኸው ግሥ ነው፤ በሁለቱም ሥራ እሳቱ ንጹሑን ከአተላው ይለያል። በአዲስ አበባ ከአንጥረኛ እጅ ጌጥ ማሠራትና መግዛት ከተማዋን ያህል ዕድሜ ያለው ልማድ ነው። ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ የብሩ ምንጭ፣ የሱቁ ሰፈርና የጌጡ ዓይነት ተለዋውጠዋል። ከሁሉ የጠለቀው ለውጥ ግን በዋጋው አሰላል ላይ የመጣው ነው። ቀድሞ የብሩ ዋጋና የእጁ ዋጋ ለየብቻቸው ይታወቁ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱ በአንድ ተጠቅልለው የእጁ ዋጋ ከገዢው ዓይን ተሰውሯል።

የዚህ ታሪክ አንዳንድ ምልክቶች በልደታ ክፍለ ከተማ በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ይገኛሉ። አደባባዩ የሚጠራው በብር ማዕድኗና በብር ሠሪዎቿ ስሟ በገነነ አገር ነው። ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ሲኬድ ቀጥሎ ያለው የከተማ ባቡር ፌርማታ ደግሞ ተግባረ እድ ይባላል፤ ትርጉሙ የእጅ ሥራ ማለት ነው።

ከአክሱም እስከ ጎንደር

በኢትዮጵያ የወርቅና የብር ሥራ ከአዲስ አበባ እጅግ የቀደመ ነው። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የአክሱም ንጉሥ ኤንዱቢስ የወርቅና የብር ገንዘብ አስመታ። ከእርሱ በኋላ የነገሡት ባስመቷቸው አንዳንድ የብርና የመዳብ ገንዘቦች ላይ ደግሞ የወርቅ ለበጣ ይታያል። በጣት ጥፍር መጠን በሆነ ቦታ ላይ ወርቅን በሌላ ማዕድን ላይ ማጣበቅ ትዕግሥትና የተካነ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በጊዜው የነበሩት ባለሙያዎች ምን ያህል የበቁ እንደነበሩ የሚመሰክረውም ይኸው ነው። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ መስቀል በገንዘቡ ላይ ገባ። ከዚያ ወዲህ መስቀልና ብር በኢትዮጵያ አንጥረኞች እጅ ሳይለያዩ ኖረዋል።

እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመስቀልን ክብር በመንግሥቱ ውስጥ አጠናከረ፤ ምልክቱም በሰው ልብስና ዕቃ ላይ እንዲታይ አዘዘ። ክርስትና ሲነሡ በአንገት የሚታሰረው ማተብም ለአንገት መስቀል ማንጠልጠያ ሆነ። የላሊበላ፣ የጎንደርና የአክሱም እየተባሉ የሚጠሩት የመስቀል ቅርጾች ዛሬም በሱቅ መስኮት የሚታዩት ከዚሁ ረጅም ውርስ የተነሣ ነው።

ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከቆረቆሯት በኋላ ጎንደር የቤተ መንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ጌጥ ሠሪዎች መናኸሪያ ሆነች። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዐፄ ኢያሱ ዘመን የተሠሩ የወርቅ ዘውድና ጽዋ የዚያን ዘመን ሙያ ያሳያሉ። ጽዋውን የሠራው ወልደ ጊዮርጊስ የተባለ አንጥረኛ ነው። የአብዛኞቹ አንጥረኞች ስም በጠፋበት አገር የአንዱ ስም መትረፉ ትልቅ ነገር ነው። ጽዋውና ዘውዱ ግን በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተዘርፈው ሄዱ፤ ዛሬ የሚገኙት በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው።

ከአንጥረኛው ምድጃ የወጣ አንድ አነጋገር በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከወርቁ ይልቅ ዘልቋል። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ጭቃው ደርቆ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። በተወው ክፍት ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስሳል፤ ጭቃው ሲሰበር ወርቁ ይገኛል። የቅኔ ሊቃውንት የላይኛውን ፍቺ ሰም፣ የተሸሸገውን ፍቺ ወርቅ ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ሰምና ወርቅ የሚል ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የአንጥረኛን ቋንቋ ይናገራል።

ይህን ያህል ክብር ለሥራው ሲሰጥ ሠሪው ግን ተንቆ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ከማኅበራዊ ኑሮ ተገለሉ። በጎንደር አካባቢ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች የዚህ መገለል ዋና ሰለባ ነበሩ። ለወርቅና ለብር ሠሪ የሚሰጠው ግምት ከቀጥቃጩ ሻል ቢልም እርሱም ከሐሜቱ ነፃ አልነበረም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንደሚባለው፣ አገሩ በጌጣቸው አጊጦ ወሮታቸውን በስድብ ከፍሏል።

ጠገራ ብር

ጌጥ የሚሠራበት ብር ከየት ይመጣ ነበር? ኢትዮጵያ ወርቅ ከጥንት ጀምሮ ቢኖራትም የብር ማዕድኗ ለዚህ የሚበቃ አልነበረም። ብሩ የመጣው በንግድ መንገድ፣ በገንዘብ መልክ ነው። በቀይ ባሕር ንግድ በመጀመሪያ የስፔን ብሮች ይዘዋወሩ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የተመቱት በሜክሲኮ ነው። በኋላ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ብር ቦታውን ወሰደ። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላም ለምሥራቁ ንግድ የሚመታው ገንዘብ ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ ቀጠለ። በኢትዮጵያ ጠገራ ብር ተባለ።

ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ይህም 23.4 ግራም ገደማ ይሆናል። ወቄት የሚባለው የወርቅና የብር መመዘኛም ከዚሁ ገንዘብ ክብደት ጋር እኩል ሆነ። አንድ ጠገራ ብር ባንድ ጊዜ ገንዘብም፣ ሚዛንም፣ የጌጥ ጥሬ ዕቃም ነበር ማለት ነው። አማርኛ ማዕድኑንና ገንዘቡን በአንድ «ብር» በሚል ቃል የሚጠራውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሕዝቡ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለይበት መንገድም ከጌጥ ጋር የተያያዘ ነበር። ገንዘቡን የሚቀበል ሰው በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያለውን አክሊልና በትከሻዋ ላይ የተሰካውን ጌጥ ትኩር ብሎ ያያል፤ ዕንቁዎቹን ይቆጥራል። ዕንቁው የደበዘዘ ወይም ቁጥሩ የጎደለ ከሆነ አልቀበልም ይላል። በሩቅ አገር ንግሥት ላይ የተቀረጸ ጌጥ የኢትዮጵያ ገበያ ዋስ ሆኖ ኖረ።

ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክና የአንበሳ ምስል የያዘ ብር በፓሪስ አስመቱ። ክብደቱም የብሩ ንጥረትም ከጠገራ ብር ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ነበር፤ አላድ፣ ሩብና ተሙን የሚባሉ ዝርዝሮችም ወጡለት። ይሁን እንጂ ገበያው የለመዳትን ንግሥት መረጠ። ለአንጥረኛው ግን ሁለቱም አንድ ነበሩ፤ ሁለቱም በእሳቱ ውስጥ እኩል ይቀልጣሉ።

የአዲስ አበባ የመጀመሪያ ዓመታት

የሸዋ ነገሥታት ወደ አዲስ አበባ ከመምጣታቸው በፊት በአንኮበር ሳሉም በዙሪያቸው ብር ሠሪዎች ነበሩ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ጀግና በብር ቢተዋ ይሸለም ነበር። ጋሻው፣ ጎራዴውና የፈረሱ ዕቃ በብር ይለበጥ ነበር። ወርቅ ግን ለማንም የተፈቀደ አልነበረም፤ የነገሥታቱ ቤተሰብና ንጉሡ የፈቀደለት ሰው ብቻ ያጌጥበታል። ስለዚህ ብር የብዙኃኑ፣ ወርቅ የጥቂቶች ጌጥ ሆኖ ቆየ።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ከጎንደር፣ ከትግራይና ከሸዋ የመጡ አንጥረኞች በቤተ መንግሥቱና በታላላቅ መኳንንት ግቢ ዙሪያ ሰፈሩ። የውጭ ባለሙያዎችም ተከተሉ። ከአርመኖቹ መካከል ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ዘውድ የሠራው ዲክራን ኤበያን ይጠቀሳል። በኋላም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሴቫጂያን ጌጥ ቤት የመንግሥቱን ኒሻኖችና ሜዳሊያዎች በዚህችው ከተማ ይሠራ ነበር። በአራዳ ገበያ ዙሪያ የአርመን፣ የግሪክና የህንድ ነጋዴዎች ሱቆች ተደረደሩ፤ ፒያሳ የወርቅ ቤቶች ሰፈር ለመሆን የበቃችው ከዚህ ጅምር ነው።

ምኒልክ ለሙያው የዋሉት ትልቁ ውለታ ዘውድ ማሠራታቸው አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ገበሬውን በሥራው መናቅ አገርን ባዶ እንደሚያስቀር አዋጁ አስገነዘበ። ንቀቱ በአንድ አዋጅ ባይጠፋም፣ ባለ እጅ የመንግሥት ከለላ እንዳለው በይፋ መነገሩ ለአንጥረኛው ትልቅ ነገር ነበር።

በዚያን ጊዜ ጌጥ የሚገዛው ከመደርደሪያ ላይ አንሥቶ አይደለም። ደንበኛው ብሩን ራሱ ይዞ ይመጣል። አምባር ለማሠራት የፈለገች ሴት ያጠራቀመችውን ጠገራ ብር ለአንጥረኛው ታስረክባለች። ብሩ ሲሰጥ ይመዘናል፤ ጌጡ ሲያልቅም ይመዘናል። ሁለት ጠገራ ብር የገባበት አምባር ከ50 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ወደፊት ችግር ቢመጣም የሁለት ብር ዋጋው ከእርሱ ጋር ነው። ለአንጥረኛው የሚከፈለው የእጁ ብቻ ነው፤ ይህም ተለይቶ በስምምነት ይቆረጣል። ደንበኛዋ ለብሩ ምን ያህል፣ ለእጁ ምን ያህል እንዳወጣች አጥርታ ታውቃለች። ጌጡ የቁጠባ ሣጥንም ነበር፤ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ባንክ ማለት ነው።

ጌጦቹና አሠራራቸው

አንጥረኛው የሚሠራቸው ጌጦች ብዙ ናቸው። ለአንገት መስቀል፣ ሐብል፣ ድሪና ማርዳ አለ። ለጆሮ ጉትቻና ሎቲ፣ ለእጅ አምባርና ቀለበት፣ ለእግር አልቦ፣ ለጠጉር ወለባ ይሠራል። ሎቲ የሴት ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ዝሆን የገደለ አዳኝ የወርቅ ሎቲ በጆሮው ያንጠለጥል ነበር። ከአንገት የሚንጠለጠለው የጆሮ ኩክ ማውጫ እንኳ ጫፉ እንደ መስቀል ወይም እንደ ጽጌ እየተቀረጸ ጌጥ ሆኗል። በወሎና በሐረር ሙስሊም ሴቶች ዘንድ የብር ክታብ ማኅደርና ከብዙ ቁርጥራጭ የተያያዘ የደረት ጌጥ ይወደዳል። አንዳንድ ጊዜ ጠገራ ብሩ ሳይቀልጥ፣ ማንጠልጠያ ብቻ ተበይዶለት፣ እንዳለ ይታሰራል። ከጠገራ ብር ላይ ተቆርጠው በተሠሩ አንዳንድ የቆዩ መስቀሎች ላይም የገንዘቡ ጽሕፈት ርዝራዥ ይታያል።

መሣሪያው ጥቂት ነው፦ ወናፍ፣ ከሰል፣ የሸክላ ማቅለጫ፣ መስፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ መሮና ሞረድ። ብሩ ቀልጦ በትንሽ ዘንግ መልክ ይፈስሳል። ለጠፍጣፋ ሥራ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፤ ሲጠነክር እንደገና ይግላል፣ እንደገና ይቀጠቀጣል። ለክር ሥራ ቀዳዳዎቹ እያነሱ በሚሄዱበት የብረት ሰሌዳ እየተሳበ ይቀጥናል። ሁለት ቀጫጭን ክሮች አብረው ይጠመዘዛሉ፤ ከእነርሱም አበባ፣ ቀለበትና ጥልፍልፍ ይወጣል። ፍሬ የሚባሉት ጥቃቅን ኳሶች ደግሞ ቁርጥራጭ ብር በከሰል ላይ ሲቀልጥ ራሱ እየተድቦለቦለ የሚፈጥራቸው ናቸው። ሁሉም በቦራክስ እየታገዘ ይበየዳል። የብየዳው እሳት አንድ አፍታ ከረዘመ የሰዓታት ሥራ ቀልጦ ይበላሻል። የእጅ ዋጋ የሚባለው የዚህ ጥንቃቄ ክፍያ ነው።

የግብይቱ ወቅት ከበዓልና ከሠርግ ጋር የተሳሰረ ነው። ሙሽራው ለሙሽሪት የሚያቀርበው ጥሎሽ ልብስንና ጌጥን ይጨምራል። ስለዚህ ከዐቢይ ጾም በፊት በጥር፣ ከፋሲካም በኋላ በሚያዝያና በግንቦት አንጥረኛው ሥራ ይበዛበታል። ለክርስትና መስቀል፣ ለጥምቀትና ለመስቀል በዓል ጌጥ ማሳደስም የተለመደ ነው። ሠርግ ያለ ብር አምባር የማይታሰብ ከመሆኑ የተነሣ፣ ቃሉ ራሱ በሠርግ ባህል ውስጥ የሙሽሪትን ክብር መግለጫ ሆኗል።

ወረራው፣ ሜክሲኮና ተግባረ እድ

እ.ኤ.አ. በ1935 ኦስትሪያ የማርያ ትሬዛን ብር የመምታት መብት ለኢጣሊያ አስተላለፈች። ፋሺስቱ መንግሥት ይህን የፈለገው ለወረራው ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰውም ሸቀጥም ለማግኘት ሕዝቡ የሚያምነውን ገንዘብ መያዝ ያስፈልገው ነበርና። እንግሊዝም ከዓመት በኋላ ያንኑ ገንዘብ በለንደን ማስመታት ጀመረች፤ ኢትዮጵያን ነፃ ለማውጣት በተደረገው ዘመቻ ጊዜም በቦምቤይ ተመቷል። የአንጥረኛው ጥሬ ዕቃ የሁለት ተፋላሚ መንግሥታት መሣሪያ ሆነ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዓመታት የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ፤ መርካቶ የተወለደው እንዲህ ነው። ብዙ አንጥረኛም ገበያውን ተከትሎ ሄደ።

ብዙ መንግሥታት ለወራሪው እውቅና ሲሰጡ፣ በላዛሮ ካርዴናስ ፕሬዚዳንትነት ትመራ የነበረችው ሜክሲኮ እውቅና ከነፈጉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆነች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎበኙ፤ በሜክሲኮ ሲቲ የኢትዮጵያ አደባባይ፣ በአዲስ አበባም የሜክሲኮ አደባባይ የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት መታሰቢያ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1980 በሜክሲኮ ሲቲ የተከፈተ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም ኢትዮጵያ ተብሎ ይጠራል፤ ምልክቱ አንበሳ ነው።

ሜክሲኮ ለአዲስ አበባ አንጥረኞች ታሪክ የምታስተምረው ሌላም ነገር አላት። አገሪቱ ዛሬም በዓለም ከፍተኛው የብር ምርት የሚገኝባት ናት። በታስኮ ከተማ ግን ብሩ ለዘመናት ከጉድጓድ እየወጣ በአብዛኛው ሳይሠራ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ዊልያም ስፕራትሊንግ የተባለ አሜሪካዊ በዚያ የብር መሥሪያ ቤት ከፈተ፤ የአካባቢውን ወጣቶች እያሠለጠነ የጥንቱን የሜክሲኮ ቅርጽ በአዲስ ጌጥ ላይ አዋለ። ተማሪዎቹ በተራቸው የራሳቸውን ቤት ከፈቱ፤ ታስኮ በብር ሥራ የታወቀች ከተማ ሆነች። ታስኮን የለወጣት ማዕድኑ አልነበረም፤ ማዕድኑማ ቀድሞም ነበራት። የለወጣት ሙያው በሥርዓት ለተከታይ ትውልድ መተላለፉና የሠሪው ስም ከዕቃው ጋር መሸጡ ነው።

በአዲስ አበባም ነፃነት ከተመለሰ በኋላ የእጅ ሙያን በትምህርት ቤት የማስተማር ጥረት ተጀመረ። በሜክሲኮ አቅራቢያ የሚገኘው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት የዚህ ጥረት ፍሬ ነው። ትምህርት ቤቱ ለዘመናዊው ኢንዱስትሪ ባለሙያዎችን ሲያወጣ፣ ስሙ የእጅ ሥራን ከስድብነት አውጥቶ የክብር መጠሪያ አደረገው። የወርቅና የብር ሥራ ግን በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከባለሙያ ወደ ረዳት እየተላለፈ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ውጭ ቀጠለ።

ወረቀቱ ከመጣ በኋላ

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ከሳንቲሞቹ መካከል ሽልንግ የሚባለው 50 ሳንቲም ብቻ ከብር ተሠራ። ጠገራ ብር ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ፤ የቀረውም በየቤቱ ሣጥን ገባ ወይም ጌጥ ሆነ። በዚህ ለውጥ አንጥረኛው ሁለት ነገር አጣ። አንደኛ፣ ደንበኛው ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጠው ጥሬ ዕቃ ነጠፈ። ሁለተኛ፣ ገንዘቡና ማዕድኑ ተለያዩ። ወረቀት የያዘ ደንበኛ የተሠራ ጌጥ ከሱቅ ይገዛል፤ የሚጠየቀው አንድ ዋጋ ነው። ለብሩ ስንት፣ ለእጁ ስንት እንደከፈለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ብሩ ሲጠፋ ምትኩ ገባ። ነሐስ፣ መዳብ፣ ኒኬልና አልሙኒየም በብር ቦታ ተተኩ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቱሪዝም ሲስፋፋ በቸርችል ጎዳናና በፖስታ ቤት አካባቢ የባህል ዕቃ ሱቆች በዙ። እንግዳው የላሊበላን መስቀል ለማስታወሻ ይገዛል፤ ሻጩም ርካሹን ማዕድን ይመርጣል። ለአንጥረኛው ገበያው ሰፋ፣ የእጁ ዋጋ ግን ረከሰ።

በደርግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1977 ለእደ ጥበብና ለአነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት የሚሠራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በአዋጅ ተቋቋመ፤ ባለሙያዎችም በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ። ከጎንደር አካባቢ ደግሞ ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1991 በተካሄዱ ዘመቻዎች በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ። ለዘመናት የተናቀ እጅ ሲሄድ የተወው ክፍተት ያን ጊዜ ታየ።

የዛሬው ገበያ

ዛሬ በአዲስ አበባ የጌጥ ገበያው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ወርቅ ቤት ነው፤ የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የዚህ ገበያ እምብርት ሆነው ቆይተዋል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የሰፈሩ መልክ ተለውጧል። ሁለተኛው ከቸርችል ጎዳና እስከ መርካቶ የተዘረጋው የባህል ዕቃ ገበያ ነው። ሦስተኛው ከውጭ የሚገባው አርቴፊሻል ጌጥ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ባቡር የሚያልፍበት ሜክሲኮ የብዙ መንገዶች መገናኛ በመሆኑ የሚያልፍበት ሰው ብዛት ይህን ሦስተኛውን ዓይነት ርካሽ ሸቀጥ ይስባል። ከሜክሲኮ በሰንጋ ተራ በኩል ወደ ፖስታ ቤት የሚወጣ ሰው ግን ብዙ ሳይደክም ከእጅ ሥራው ገበያ ይደርሳል።

አንጥረኛው በሁለት ወገን ተይዟል። በአንድ በኩል በማሽን የተመታ የዱባይ ወርቅ በአንጸባራቂነቱ ደንበኛ ይስባል። በሌላ በኩል የጥሬ ዕቃው ዋጋ ወደ ላይ ይወጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የወርቅ ዋጋ በብር ሲሰላ እጅግ ንሯል። ስለዚህ ብዙ ሥራ የሚሠራው ደንበኛው ይዞት ከሚመጣ አሮጌ ወርቅ ነው። የእናት ሐብል ቀልጦ የልጅ ጉትቻ ይሆናል። የጠገራ ብር ዘመን ልማድ በዚህ በኩል አልሞተም ማለት ይቻላል።

አዲስ ተስፋም አለ። በሰሜን ሸዋ መዘዞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ በወሎ ደላንታ ወረዳ ወገል ጤና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፓል ተገኘ። የወሎ ኦፓል በዓለም የከበረ ድንጋይ ገበያ ስም አግኝቷል። ኦፓሉ በጥሬው ከመሸጥ ይልቅ ተቆርጦና ተሞርዶ በአንጥረኛ እጅ ከብር ጋር ቢዋሃድ ትርፉ በአገር ይቀራል፤ የታስኮ ትምህርትም ይኸው ነው።

ገዢው ሊያውቀው የሚገባ

የእጅ ጌጥ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ማዕድኑን ይጠይቅ። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው፤ 21 ካራት ከመቶ 87.5፣ 18 ካራት ከመቶ 75 ወርቅ ይዟል። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ለቀለበትና ለአምባር ከሌላ ማዕድን ጋር መቀላቀሉ ግድ ነው፤ ይህ ማጭበርበር አይደለም። ብር ሲሆን 925 የሚል ማኅተም ዘመናዊውን መስፈርት ያመለክታል። ከጠገራ ብር የተሠራ የቆየ ጌጥ ግን ንጥረቱ 833 ገደማ ነው፤ ማኅተም ስለሌለው ብቻ ሐሰተኛ አይባልም።

ቀጥሎ ሥራውን ይመርምር። በእጅ የተሠሩ ሁለት ጉትቻዎች ጥንድ ይሁኑ እንጂ ፍጹም አንድ አይሆኑም። የሞረድ ምልክት፣ የብየዳ መገናኛ፣ ትንሽ የተዛነፈ ፍሬ የእጅ ምስክሮች ናቸው። ጌጡ በፊቱ ይመዘን፤ ክብደቱና ካራቱ የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበል። አሮጌ መስቀልና ጥንታዊ ዕቃ ሲሆን ጥንቃቄው ይጠብቃል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትማ የማንም ሸቀጥ አይደለም፤ የሚገዛው ሰው የዘረፋ ተባባሪ ይሆናል። የድሮውን ሥራ ማየት የሚሻ ሁሉ የሚያየው በሙዚየም ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የመስቀሎች ስብስብ ለዚህ ይበቃል።

በመጨረሻ ገዢው አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ ለእጁ ስንት ነው? በጠገራ ብር ዘመን ይህ ጥያቄ የግብይቱ መጀመሪያ ነበር። የማዕድኑ ዋጋ በዓለም ገበያ ይወሰናል፤ አንጥረኛውም ገዢውም አይቀይሩትም። በሁለቱ መካከል የሚወሰነው የእጁ ዋጋ ብቻ ነው። እርሱን አውቆ በሚገባው ልክ የሚከፍል፣ የሠሪውንም ስም ጠይቆ የሚይዝ ደንበኛ ሲበዛ ሙያው ተተኪ ያገኛል። የጎንደሩ ወልደ ጊዮርጊስ ስም ከጽዋው ጋር እንደተረፈ፣ የዛሬው አንጥረኛ ስምም ከሥራው ጋር ሊተርፍ ይገባዋል።